በድቡልቡል ትል ላይ ጂን ማፈን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ ባዮሎጂና ባዮቴክኖሎጂ የሚማሩና የላብ ሥራ የሚያግዙ ሰዎች ሲ. ኤለጋንስ በተባለው ትንሽ ድቡልቡል ትል ላይ ጂን ስለማፈን ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ጂን ማፈን ምንድን ነው? ዲኤንኤውን ይለውጠዋል?

አይለውጠውም። ዲኤንኤን እንደ ዋና መዝገብ ቁጠሩት። ሕዋሱ ፕሮቲን መሥራት ሲፈልግ ከመዝገቡ ግልባጭ ያወጣል፤ ግልባጩ መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። ጂን ስናፍን መዝገቡን ሳንነካ ግልባጩን ብቻ እናስወግዳለን። ግልባጩ ሲጠፋ ፕሮቲኑ ይቀንሳል፤ ፕሮቲኑ ሲቀንስ ትሉ ላይ የሚበላሸውን አይተን ጂኑ ለምን ሥራ እንደቆመ እንረዳለን።

የሚያስወግደው ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤ ነው። ይህ አርኤንኤ ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ዳይሰር የተባለው ኤንዛይም ከ21 እስከ 23 ፊደል (ኑክሊዮታይድ) ያህል ርዝመት ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። አርጎኖት የሚባሉ ፕሮቲኖች ቁርጥራጩን ይዘው ከእሱ ጋር የሚገጥመውን ግልባጭ ፈልገው ያስወግዱታል። ትሉ ከዚህ በላይ ቁርጥራጮቹን የሚያባዛ ኤንዛይም ስላለው ትንሽ አርኤንኤ ብዙ ግልባጭ ታጠፋለች።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳዩት አንድሪው ፋየር፣ ክሬግ ሜሎና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከዚያ በፊት ነጠላ ፈትል አርኤንኤ ይወጉ የነበሩ ተመራማሪዎች ከግልባጩ ጋር የሚገጥመውም የማይገጥመውም ፈትል አንድ ዓይነት ውጤት እየሰጣቸው ይቸገሩ ነበር። ሁለቱ ፈትሎች አንድ ላይ ሲሆኑ ውጤቱ ከነጠላው እጅግ የበረታ መሆኑ ሲታይ እንቆቅልሹ ተፈታ። ፋየርና ሜሎ በ2006 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ይህ ትል ወስፋት ነው? ሰው ላይ ይተላለፋል?

አይደለም። ወስፋትም ሲ. ኤለጋንስም ድቡልቡል ትሎች ናቸው፤ ዝምድናቸው እዚያ ላይ ያበቃል። ወስፋት ሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ከ15 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጥገኛ ነው። ሲ. ኤለጋንስ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በበሰበሰ ፍራፍሬና ቅጠል ላይ ባክቴሪያ እየበላ ይኖራል እንጂ ሰው ውስጥ መኖር አይችልም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አርኤንኤውን እንዲያደርስ ለትሉ የምናበላው ባክቴሪያ ነው። የምንጠቀምበት ኢ. ኮላይ የላቦራቶሪ ዝርያ ቢሆንም አምፒሲሊንን የሚቋቋም ጂን ይዟል። ስለዚህ ያለቀለት ሳህን በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም በሚገድል ማሽን) ሳይገደል ወደ ቆሻሻም ሆነ ወደ ቧንቧ አይጣልም። ባክቴሪያው ልውጥ ሕያው ስለሆነ በባዮሴፍቲ አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው መሠረት ምን እንደሚጠበቅባችሁ ከተቋማችሁ ጋር ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጨርሱ።

ለምን ይህ ትል ተመረጠ?

በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዕንቁላል ተነስቶ ዕንቁላል እስኪጥል ሦስት ቀን ተኩል ይበቃዋል። ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከአንድ ትል 300 ያህል ልጆች ይገኛሉ። ገላው እንደ ብርጭቆ ስለሚያሳይ ውስጡ ያለው ሁሉ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የጎልማሳው የአካል ሕዋሳት 959፣ ከእነሱም ውስጥ የነርቭ ሕዋሳቱ 302 መሆናቸው አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ለእኛ ደግሞ ትልቁ ነገር ዋጋው ነው፤ አይጥ ማርባት ለማይችል ላብ ይህ ትል በአንድ መደርደሪያ ላይ ይረባል።

ትሉ ባክቴሪያ በመብላቱ ብቻ እንዴት ጂኑ ይታፈናል?

የምንፈልገው የጂን ቁራጭ ኤል4440 በሚባል ፕላዝሚድ (ባክቴሪያ ውስጥ በሚባዛ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ውስጥ ይገባል። ከቁራጩ ግራና ቀኝ ቲ7 የሚባል ማስጀመሪያ (ግልባጭ የሚጀመርበት ቦታ) አለ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ቁራጩ ከሁለቱም በኩል ይገለበጣል፣ ግልባጮቹም ተጣምረው ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤ ይሆናሉ። ፕላዝሚዱ የሚገባበት ባክቴሪያ ኤችቲ115 ይባላል። ይህ ባክቴሪያ ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤን የሚቆርጠው ኤንዛይም (አርኤንኤዝ 3) የለውም፤ አይፒቲጂ የተባለ ቀስቃሽ ኬሚካል ሲጨመርለት ደግሞ ከቲ7 ጀምሮ የሚገለብጠውን የቲ7 ኤንዛይም ያመርታል።

ትሉ ባክቴሪያውን ሲበላ አርኤንኤው በሲድ-2 ፕሮቲን በኩል ከአንጀቱ ይገባል፤ ሲድ-1 ደግሞ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ያሳልፈዋል። አንጀት የገባው መልእክት እስከ ዕንቁላል ማምረቻው የሚደርሰው በዚህ ነው። በመርፌ መውጋትና በአርኤንኤ ፈሳሽ ውስጥ መዘፍዘፍም ይቻላል፤ መርፌው ግን ውድ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ለመማሪያ ላብ ማብላቱ ይበልጣል።

ትሉን ከውጭ ከማስመጣት ከወደቀ በለስ ላይ ብይዘውስ?

ጥያቄው መልካም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሲ. ብሪግሴ የተባለው ዘመዱ በዓይን ሲታይ ከሲ. ኤለጋንስ አይለይም፤ የእሱ ሲድ-2 ግን አርኤንኤን ከአንጀት ስለማያስገባ በማብላት ጂኑ አይታፈንም። ሁለተኛ፣ ትሉ እውነተኛ ሲ. ኤለጋንስ ቢሆን እንኳ ከዱር የመጣ ዝርያ ላይመልስ ይችላል። ከሃዋይ የተገኘው ዝርያ ፒፒደብሊው-1 የተባለ ጂኑ የተበላሸ በመሆኑ በዘር ሕዋሳቱ ውስጥ ያሉ ጂኖች በማብላት እምብዛም አይታፈኑም። ወር ሙሉ ለፍታችሁ ምንም ሳታዩ ብትቀሩ ጥፋቱ የጂኑ ይሁን የትሉ አታውቁም።

ስለዚህ ኤን2 የሚባለውን መደበኛ ዝርያና ኤችቲ115ን በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ካለው የሲ. ኤለጋንስ ዝርያ ማዕከል አስመጡ። ትሉ በትንሽ ሳህን ይላካል፤ ምግብ ጨርሶ ቢራብ እንኳ እጮቹ ሳምንታት ስለሚቆዩ ጉምሩክ ላይ ጥቂት ቢዘገይ አይሞትም። የበለሱን ትል ለሌላ ጥናት አስቀምጡት፤ በወሎ ምድር የትኞቹ ዝርያዎች እንደሚኖሩ መለየት ራሱን የቻለ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ነው።

ሳህኑን በምን ልክ ላዘጋጅ?

ለ1 ሊትር፦ 3 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 2.5 ግራም ፔፕቶን፣ 17 ግራም አጋርና 975 ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ላይ በአውቶክሌቭ ይቀቀላል። ወደ 55 ዲግሪ ሲወርድ (ጠርሙሱን በእጅ መያዝ ሲቻል) 1 ሚሊ ሊትር ኮሌስትሮል (በኢታኖል የሟሟ፣ በሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም)፣ 1 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ 1 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ማግኒዚየም ሰልፌት፣ በመጨረሻም 25 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ፖታሲየም ፎስፌት (ፒኤች 6.0) ይገባል። በየመሐሉ አወዛውዙ። ፎስፌቱ ካልሲየሙ ሳይበተን ከገባ ነጭ ዝቃጭ ይፈጠራል፤ ዝቃጩ መልሶ አይሟሟም።

ለጂን ማፈኛ የሚሆነው ሳህን በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨመርበታል፦ 1 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር አይፒቲጂና 25 ሚሊ ግራም ካርቤኒሲሊን። ካርቤኒሲሊን ካልተገኘ 50 ሚሊ ግራም አምፒሲሊን ይሠራል፤ ቶሎ ስለሚደክም ግን ሳህኑን አታቆዩት። 1 ግራም አይፒቲጂ በውኃ ሟሙቶ 4.2 ሚሊ ሊትር ባለ 1 ሞላር ፈሳሽ ይሆናል። አንድ ሊትር 100 ያህል ባለ 6 ሴንቲ ሜትር ሳህን ስለሚወጣው አንድ ግራሟ ከ400 ሳህን በላይ ታደርሳለች። በጀት ስትጠይቁ በዚህ አስሉ።

የፈሰሰው ሳህን ሁለት ሦስት ቀን ከብርሃን ርቆ ይድረቅ። ከዚያ በፍሪጅ አስቀምጡና በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሱት።

ደሴ ላይ አውቶክሌቩ 15 ፒኤስአይ እያሳየ ሳህኑ ለምን ይሻግታል?

ከፍታው ነው። 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) 121 ዲግሪ የሚሰጠው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋው በደሴ ከፍታ የውጭው አየር ሲሳሳ ውስጡም በዚያው ልክ ይጎድላል። በ15 ፒኤስአይ የሚደረሰው 116 ወይም 117 ዲግሪ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል እዚያ 18 ገደማ ይበቃል።

መሣሪያው ከ15 በላይ እንዲሄድ ካልተሠራ በምንም ምክንያት አታስገድዱት። በ15 ፒኤስአይ 15 ደቂቃ ያቆያችሁትን ወደ 45 ደቂቃ አራዝሙት። በሙቀት መለኪያ ራሱን የሚቆጣጠር አውቶክሌቭ ይህ ችግር የለበትም፤ ችግሩ ያለው በግፊት ብቻ በሚሠራው፣ በተለይም በከሰል ወይም በምድጃ በሚጣደው ላይ ነው።

ኢንኩቤተር ከሌለኝ፣ መብራትም ከጠፋ ትሉን እንዴት አቆየዋለሁ?

ትሉ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይኖራል። ከ25 በላይ ይመክናል። የደሴ የክፍል ሙቀት ብዙውን ጊዜ ይስማማዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ክፍሉ ከ15 በታች ሊወርድና የሦስት ቀኑ ሥራ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ወደ ቆቦ ቆላ ስንወርድ ችግሩ ይገለበጣል።

የፎም ሣጥን፣ ቴርሞሜትርና እንደ ወቅቱ ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ብዙ ይረዳል። ሙቀቱን ጧትና ማታ መዝግቡ፤ ቀን ብቻ ሳይሆን ሙቀትም ያልተጻፈበት ቆጠራ ከሌላው ቆጠራ ጋር አይወዳደርም። መጠባበቂያ እንዲሆናችሁ ሁልጊዜ ምግብ የጨረሰ አንድ ሳህን አሽጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩ። ከአጋሩ ላይ ትንሽ ቆርጣችሁ ባክቴሪያ ወዳለበት ሳህን ብታዞሩት እጮቹ ይነሳሉ።

ሥራው ከመጀመሪያው ቀን እስከ ቆጠራው እንዴት ይሄዳል?

በመጀመሪያው ቀን በቅርቡ ሳህን ላይ ከተዘረጋ ባክቴሪያ አንድ ቅኝ (ከአንድ ሕዋስ የተባዛ ክምር) ወስዳችሁ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም አምፒሲሊን ባለው ኤልቢ በሚባል የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ከ12 እስከ 16 ሰዓት አሳድጉ። በማግስቱ ከፈሳሹ 100 ማይክሮሊትር በሳህኑ መሐል ጠብ አድርጉና በጨለማ ተዉት። በሞቀ ክፍል አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ በደሴ ብርድ ግን ሙሉ 24 ሰዓት ስጡት።

በሦስተኛው ቀን ትሉ ይገባል። የትኛው ዕድሜ? ይህ እንደ ጥያቄያችሁ ነው። ጂኑ በዕድገት ወይም በእንቅስቃሴ ላይ ያለውን ሥራ ከፈለጋችሁ አዲስ የተፈለፈሉ (ኤል1) እጮችን አስገቡና ራሳቸውን ጎልማሳ ሲሆኑ ተመልከቱ። የጽንስ ጂን ከሆነ ግን ለአቅመ ዕንቁላል የተቃረቡትን (ኤል4) አስገቡ፤ ከኤል1 ከጀመራችሁ እናቲቱ ራሷ ልትሞት ወይም ልትመክን ስለምትችል የምትቆጥሩት ዕንቁላል አታገኙም። ኤል4ን ለ24 ሰዓት ካበላችሁ በኋላ አንድ አንድ እናት ወደ አዲስ ሳህን (ያው ባክቴሪያ ወዳለበት) አዛውሩ፤ ሌላ 24 ሰዓት ዕንቁላል ትጣል፤ እናትን አውጡና ከ24 ሰዓት በኋላ የተፈለፈለውንና ያልተፈለፈለውን ቁጠሩ። በ20 ዲግሪ ጤነኛ ዕንቁላል በዚህ ጊዜ ውስጥ ተፈልፍሎ ያልቃል።

ኤል1ን በአንድ ዕድሜ ለማግኘት ዕንቁላል የያዙ እናቶችን በ3.5 ሚሊ ሊትር ውኃ ሰብስቡና 1 ሚሊ ሊትር በረኪናና 0.5 ሚሊ ሊትር ባለ 5 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ። በየሁለት ደቂቃው እየናጣችሁ በማይክሮስኮፕ ተከታተሉ፤ እናቶቹ እንደፈረሱ፣ ከ10 ደቂቃ ሳያልፍ፣ ኤም9 በሚባል የጨው ፈሳሽ ሦስት ጊዜ እጠቡ። ዕንቁላሎቹ ያለ ምግብ እየተወዛወዙ ካደሩ ጧት ሁሉም ኤል1 ሆነው ይጠብቋችኋል። የሱቅ በረኪና ሲቆይ ኃይሉ ስለሚደክም አዲስ ጠርሙስ ክፈቱ፤ የደከመው እናቶቹን ሳይፈታ ዕንቁላሉን ይፈጃል።

ማነጻጸሪያው ምን ይሁን?

ሁለት ግዴታ ናቸው። አንዱ ምንም ቁራጭ የሌለበት ኤል4440 የያዘ ኤችቲ115 ነው። ኦፒ50 በሚባለው ተራ ምግብ ማነጻጸር ስህተት ነው፤ ባክቴሪያው ራሱ ሲለያይ የትሉ ዕድገትና ዕድሜ ይለያያል። ሁለተኛው ውጤቱ የታወቀ ጂን ነው፦ አንክ-22 ሲታፈን ትሉ ይንቀጠቀጣል፤ ፖስ-1 ሲታፈን ዕንቁላሎቹ አይፈለፈሉም። የዕንቁላል ሥራ ከሆነ ፖስ-1ን፣ የጡንቻ ከሆነ አንክ-22ን ምረጡ።

የሚቆጥረው ሰው የትኛው ሳህን የትኛው እንደሆነ አይወቅ። ባልደረባችሁ በቁጥር ምልክት ያድርግላችሁ፤ መፍቻውን ቆጠራው ሲያልቅ ክፈቱ። «ትንሽ ዘገም ይላል» የሚል ውጤት ያለዚህ አይታመንም።

ምንም አላየሁም። ጥፋቱ የት ነው?

መጀመሪያ የአንክ-22ን ሳህን ተመልከቱ። እሱም ካልተንቀጠቀጠ ችግሩ ከጂናችሁ ሳይሆን ከሳህኑ ወይም ከባክቴሪያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ጥፋቶች እነዚህ ናቸው፦ አይፒቲጂው ብርሃን ወይም ሙቀት አግኝቶት ደክሟል፤ ወይም አጋሩ ገና ትኩስ ሳለ ተጨምሯል፤ ቅኙ በፍሪጅ ከሁለት ሳምንት በላይ ስለቆየ ፕላዝሚዱን ጥሏል፤ ማብያው ሳህን ላይ ቴትራሳይክሊን ገብቷል። ኤችቲ115 ቴትራሳይክሊንን ስለሚቋቋም ባክቴሪያውን ሳህን ላይ ሲዘረጉት 12.5 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር መጠቀም ደህና ነው፤ ማብያው ላይ ግን ማፈኑን ስለሚያዳክም ተዉት።

ሰው የማይጠረጥረው ጥፋት ትሉ ይዞት የሚመጣው ኦፒ50 ነው። ኦፒ50 የቲ7 ኤንዛይም የለውም፤ በአዲሱ ሳህን ላይ ከተባዛ ትሉ ጥሩ ጥሩውን እየበላ የምትፈልጉትን አርኤንኤ አያገኝም። ትሎቹን ባዶ አጋር ላይ ግማሽ ሰዓት አስኪዱ፣ ወይም በኤም9 ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡ።

አንክ-22 በደንብ ተንቀጥቅጦ የእናንተ ጂን ብቻ ዝም ካለ ፕላዝሚዱን አውጥታችሁ ፊደሉን አስነብቡ። ከተዘጋጀ የክሎን (አንድ የጂን ቁራጭ የያዘ ባክቴሪያ) ስብስብ የመጣም ቢሆን በስሙ አትመኑት፤ በማስቀመጫው ሳህን ጉድጓድ ላይ የተጻፈው ጂንና ውስጡ ያለው የማይገጥሙበት ጊዜ አለ።

የነርቭ ጂን ለምን አይታፈንልኝም?

የነርቭ ሕዋሳት ሲድ-1ን በበቂ ስለማያመርቱ አርኤንኤው ደጅ ቆሞ ይቀራል። መፍትሔው ስሱ የሆነ ዝርያ መጠቀም ነው፦ አርአርኤፍ-3 ወይም ኢአርአይ-1 የተባለው ጂን የጎደለው፣ ወይም ሲድ-1 በነርቮቹ ውስጥ እንዲመረት የተደረገ። አርአርኤፍ-3 የጎደለው ዝርያ ጥቂት ይወልዳል፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ ይመክናል፤ ማነጻጸሪያውም ከዚያው ዝርያ ይሁን።

በፒሲአር (የአንድን ጂን ክልል አብዝቶ በሚለካ ዘዴ) ስለካው ግልባጩ ቀንሶ ሳይሆን በዝቶ አገኘሁ። እንዴት ይሆናል?

የለካችሁት የትሉን ሳይሆን አንጀቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው የዚያኑ ጂን ቁራጭ በገፍ እያመረተ ስለሆነ ፕራይመሮቻችሁ (የሚባዛውን ክልል የሚወስኑት አጫጭር ዲኤንኤዎች) በቁራጩ ክልል ውስጥ ካረፉ ያንን ያበዛሉ። ቢያንስ አንዱ ፕራይመር ፕላዝሚዱ ውስጥ ከገባው ክልል ውጭ ይሁን። ትሎቹንም አጥባችሁ ግማሽ ሰዓት ያለ ምግብ አቆዩ፤ ይህ ግን ፕራይመሩን ማስተካከልን አይተካም።

ሌላ ጂን አብሮ እንዳልታፈነ በምን አውቃለሁ?

ሁልጊዜ የሚያስፈራው ይህ ነው። ቤታ ቱቡሊንን ውሰዱ፤ አልቤንዳዞልን የመሳሰሉ የትል መድኃኒቶች የሚይዙት ፕሮቲን ነው። ሲ. ኤለጋንስ ስድስት የቤታ ቱቡሊን ጂኖች አሉት፤ ፊደላቸው እጅግ ይቀራረባል። ቲቢቢ-1ን ለማፈን የተዘጋጀ አርኤንኤ ቲቢቢ-2ንም ይጎትታል። ሁለቱ አንዳቸው የሌላውን ሥራ ስለሚሸፍኑ፣ ሁለቱ አብረው ሲታፈኑ የሚመጣውን የጽንስ ሞት ለአንዱ ብቻ ብትሰጡ ድምዳሜያችሁ ይስታል።

ቁራጩን ስትመርጡ ከ500 ፊደል በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ከጠቅላላው የትሉ ጂኖም ጋር አመሳክሩና በሌላ ጂን ላይ በተከታታይ 21 ፊደልና ከዚያ በላይ የሚገጥም ቦታ ያለበትን ጣሉ። ከዚያ ከዚያው ጂን ሌላ፣ ከመጀመሪያው ጋር የማይደራረብ ቁራጭ አዘጋጁ። ሁለቱ ቁራጮች አንድ ዓይነት ጉዳት ካሳዩ ጉዳዩ የጂኑ ነው። ጂኑ የተሰረዘበት ዝርያ ከተገኘ ደግሞ ከእሱ የሚበልጥ ምስክር የለም።

ጂኑን አፍኜ ትሉ ጤነኛ ከሆነ ጂኑ ሥራ የለውም ማለት እችላለሁ?

አትችሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ትልቅ ጥናት 16,757 ክሎኖች በትሉ ተበልተው በዓይን የሚታይ ለውጥ ያመጡት ጂኖች 1,722 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሥራ ፈት ስለሆኑ አይደለም። ማፈን ግልባጩን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። አስቀድሞ የተሠራ ፕሮቲን ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ እናት ዕንቁላሉ ውስጥ ያስቀመጠችው ስንቅም አለ። ዘመድ ጂን ሥራውን ሊሸፍን ይችላል። ደግሞም በአጋር ላይ፣ በተመቸ ሙቀት፣ ምግብ ሞልቶ የማያስፈልግ ጂን በረሃብ ወይም በሙቀት ጊዜ የግድ ሊሆን ይችላል።

በሪፖርታችሁ ላይ «በዚህ ሙቀት፣ ከዚህ ዕድሜ ጀምሮ፣ ይህን ያህል ትል ቆጥረን ለውጥ አላየንም፤ ማነጻጸሪያው ግን ሠርቷል» ብላችሁ ጻፉ።

ይህ ዘዴ የበጉን ትልና የቲማቲሙን ሥር ትል ለማጥናት ይሠራል?

በከፊል። ሄሞንከስ የሚባለው የበግ ደም መጣጭ ትል ከሲ. ኤለጋንስ ጋር ቅርብ ዘመድ ቢሆንም በእሱ ላይ የሚታፈኑት አንዳንድ ጂኖች ብቻ ናቸው። አርኤንኤውን የሚያስገቡና የሚያሰራጩ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ጥገኛ ትሎች ላይ ጎደሎ ናቸው። ስለዚህ የተለመደው መንገድ የበጉን ትል ጂን አቻ ሲ. ኤለጋንስ ላይ ፈልጎ እዚያ ማፈን ነው። የወስፋትም እንዲሁ።

በሥር አንጓ ትል ላይ ተስፋው ይበልጣል። በመስኖ የሚለማ ቲማቲም ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ዶቃ የመሰለ እብጠት ካያችሁ እሱ ነው። እጩ አፉን ከፍቶ እንዲጠጣ ኦክቶፓሚን በተጨመረበት የአርኤንኤ ፈሳሽ ውስጥ መዘፍዘፍ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ 16ዲ10 የተባለውን የትሉን ጂን የሚያፍን አርኤንኤ ራሱ ተክሉ እንዲያመርት ተደርጎ፣ አራቢዶፕሲስ በተባለው የላብ ተክል ላይ አራት የሥር አንጓ ትል ዝርያዎችን መቋቋም ችሏል። ወደ ቲማቲም ማሳ ለማምጣት ግን ተክሉን ራሱን መለወጥ ስለሚጠይቅ ከላብ ሳህን የተለየ ፈቃድና የተለየ ጥንቃቄ አለው። ለጀማሪ ላብ የሚሻለው እጩን መዘፍዘፍ ነው፤ እብጠት ካለበት ሥር ዕንቁላሉን በተቀነሰ በረኪና አራግፎ በውኃ ማስፈልፈል ይቻላልና ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ትል አያስፈልግም።